ከገበሩ ሥር የተሰፋ አደራ

ጥያቄው አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኢብሲቱ ያን ቀን ቀና ብላ ከቢሮው ትወጣ ነበር። «ሰርቀሻል ወይ?» ብለው ሲጠይቋት «አልሰረቅሁም» አለች። እውነቷን ነው፤ ድምጿም አልተንቀጠቀጠ። የጎዳት ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

«እሺ፣ አልወሰድሽም እንበል። የት እንዳለስ ታውቂያለሽ?»

ጠያቂዋ ወይዘሮ ሂሩት ናቸው። ሴንት ፖል ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ በሚባለው መንገድ ላይ፣ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ በሚንቀጠቀጥበት ፎቅ፣ አዛውንቶችን በየቤታቸው ሠራተኛ ልኮ የሚያስጠብቅ ኤጀንሲ አላቸው። ክፉ ሴት አይደሉም። ግን ከባዶ ተነስተው ያቆሙት ኤጀንሲ ስሙ ከሚጠፋ የእሳቸው ዓይን ቢጠፋ ይመርጣሉ።

ኢብሲቱ ዝም አለች። መናገር አትችልም፤ መዋሸት ደግሞ አታውቅበትም።

ከወይዘሮ ሂሩት ጎን ልጃቸው በሪሁን ተቀምጧል። የኤጀንሲው ነርስ እሱ ነው፤ ሠራተኞቹን የሚያሠለጥነውም፣ ሺፍት የሚደለድለውም እሱ። እናቱ የማያውቁት ደግሞ አለ፤ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ኢብሲቱን ይወዳታል፣ ከመስቀል በኋላም ሽማግሌ ወደ ወንድሟ እልካለሁ ብሎ ቃል ገብቶላታል። አየችው። እሱ ስልኩን አየ። ስልኩ አልጠራም ነበር።

«ዝምታሽ መልስ ነው» አሉ ወይዘሮ ሂሩት፤ ሳይጮኹ፣ ይልቁንም እንደ ማዘን ብለው። «ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ሰስፔንድ ሆነሻል። ሚስ ጊታ ቤት እንዳትሄጂ፣ እንዳትደውዪም። ልጃቸው ለፖሊስ ሪፖርት ሳላደርግ ዕቃው ይመለስ ብላለች። አስቢበት።»

ኢብሲቱ ቦርሳዋን አነሳች። በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች፤ ምናልባት አሁን እንኳ ቃል ይወጣው እንደሆነ ብላ። «እማዬ፣ ይህቺን ልጅ አውቃታለሁ» ማለት ስንት ቃል ነው? በሪሁን እስክሪብቶውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ደረጃውን ስትወርድ አብሯት የወረደው ሌባ መባሏ አልነበረም። የዚያ እስክሪብቶ ቀጭ ቀጭታ ነው።

*

እስቲ እናንተው ፍረዱ። ጠፋ የተባለው ነገር ወርቅ አይደለም፤ አልማዝም አይደለም። የዳቦ ማልበሻ ጨርቅ ነው።

ሚስ ጊታ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ሴንት ፖል ውስጥ በአንዲት የጡብ ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ አይሁዳዊት ናቸው። የተወለዱት ቤልጅየም ነው። በጦርነቱ ጊዜ ጀርመኖች አይሁድን ከየቤቱ እየለቀሙ በባቡር መጫን ሲጀምሩ፣ ጥልፍ እየጠለፈች የምትተዳደረው እናታቸው አንድ ልጇን ማርታ ለምትባል ገበሬ ሴት ሰጠቻት። ከልጅቷ ጋር የላከችው ጥቂት የእጅ ሥራዋን ነው፤ አንገቱ ዳንቴል የሆነ የሕፃን ሸሚዝ፣ የአሻንጉሊት ቀሚስ፣ እንዲሁም አይሁድ የሰንበታቸውን ዳቦ የሚያለብሱበት ነጭ ጨርቅ። የጨርቁ ጠርዝ ዙሪያውን በሰማያዊ ክር የወይን ሐረግ ተጠልፎበታል። መሐሉ ላይ የዕብራይስጥ ፊደል፣ ከፊደሉ ግራና ቀኝ ሁለት ወፎች አሉ። አንደኛዋ ወፍ ክንፍ የላትም፤ እናትየዋ ጊዜ አልበቃትም።

ያ ፊደል ያን ጊዜ ያስገድል ነበር። ስለዚህ እናት ጨርቁን ከልጅቷ ካፖርት ገበር ሥር ሰፋችውና «ማንም ቢጠይቅሽ አላውቅም በይ። ለማንም አታሳዪ» ብላ ላከቻት። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ አልተያዩም።

ማርታ ካፖርቱን ስታጥብ ጨርቁን አገኘችው። እሳት ውስጥ ብትከተው ማን ይፈርድባት ነበር? ቢገኝባት ቤቷ ከነልጆቿ ይነዳል። እሷ ግን አጠበችው፣ አደረቀችው፣ ጥሩ ክር ስላልነበራት በጆንያ ክር መልሳ ሰፋችው። ወታደሮች መጥተው «ይህቺ ልጅ የማን ናት?» ሲሏት «የእህቴ ናት» አለች። በጠመንጃ አፈሙዝ አስፈራርተው ደግመው ሲጠይቋትም ከዚያ ሌላ አልተነፈሰችም።

ይህን ሁሉ ሚስ ጊታ ለኢብሲቱ የነገሯት በአንድ ቁጭታ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ጀርባቸውን ስታጥባቸው፣ ካልሲ ስታለብሳቸው፣ ቁርጥ ቁርጥ እያደረጉ ነው። ዕቃዎቹ በአሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበሩ። አንዳንድ ቀን ያስከፍቷትና ነክተው መልሰው ያስዘጓታል።

ልጃቸው ዲቦራ ከከተማው ወጣ ብላ ኤደን ፕሬሪ ትኖራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣና ፍሪጁን ፈትሻ፣ ጊዜው ያለፈበትን ወተት ደፍታ፣ እናቷን ግንባራቸው ላይ ስማ ትሄዳለች። ዘንድሮ እናቷን አረጋውያን የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ልታስገባ፣ ቤቱን ልትሸጥ፣ ቆርቆሮውንም ከነዕቃው በጦርነቱ ላለቁት አይሁድ የመታሰቢያ ኤግዚቢሽን ለሚያዘጋጁ ሰዎች ልትሰጥ ቆረጠች። ሚስ ጊታ ሌላውን ሁሉ እሺ አሉ። «ጨርቁን ግን አልሰጥም» አሉ። ዲቦራ «እሺ ማም» አለችና የሚቀመጥበትን የመስታወት ሳጥን አዘዘች። ሰው እሺ እየተባለም ይናቃል። ይህን የማያውቅ ያላረጀ ብቻ ነው።

«ልጄ ክፉ አይደለችም» አሏት ሚስ ጊታ ኢብሲቱን፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ። «እኔን መጠየቅ ትታ ስለ እኔ መወሰን ጀምራ ነው እንጂ።» ከዚያ ሰማያዊ የሱፍ ካፖርታቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው መርፌና ክር ያዙ። ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ አላቸው። «አንቺ ስፊልኝ። እናቴ እንደ ሰፋችው ገበሩ ሥር። ለዲቦራም፣ ለማንም እንዳትነግሪ።»

ኢብሲቱ የነቀምቴ ልጅ ናት። አባቷ፣ ታስሮ የተወሰደ ጎረቤት እሱ ጋ ያስቀመጠውን ሬዲዮ፣ ዜና መስማት እያማረው አንድ ቀን ሳይከፍት ባለቤቱ እስኪፈታ ያቆየ ሰው ነው። «እኛ ጋ እንዲህ ያለው ነገር አደራ ይባላል» አለቻቸው ክሩን በጥርሷ እየቆረጠች። «በአማርኛም በኦሮምኛም ያው ነው። አደራ የበላ ሰው ቀባሪ አያገኝም።» ሚስ ጊታ ቃሉን ሊሉት ሞከሩና ሳቁ። ኢብሲቱ ግን አልሳቀችም፤ አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ሲባል እየሰማች ነው ያደገችው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ዲቦራ ቆርቆሮውን ስትከፍት ጨርቁ የለም። እናቷን ጠየቀቻቸው። ሚስ ጊታ በልጅነታቸው እንደ ተማሩት «አላውቅም» አሉ። «እማዬ መርሳት ጀምራለች» አለች ዲቦራ። እናትየዋ ረስተዋል ከተባለ ማን ቀረ? የምትገባ የምትወጣዋ ጥቁር ሴት ናታ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። እዚህ ቤት የበላ አይጥ እንኳ አልነበረም፤ ዳዋዋ ግን ተመታች።

*

የኢብሲቱና የበሪሁን ፍቅር የተጀመረው በካልሲ ነው ቢባል ይሻላል። በሪሁን ለአዲስ ሠራተኞች የእግር እብጠት የሚከላከለውን ጥብቅ ካልሲ አለባበስ ሲያሳይ «እስቲ እግሩን የሚያበድረኝ» አለ። ሌሎቹ ሲሽኮረመሙ ኢብሲቱ ጫማዋን አወለቀች። በርከክ ብሎ ካልሲውን እያለበሳት ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ምን ያስረዳ እንደነበር ጠፋበት። ያን ዕለት ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሠራተኞች ሁሉ ከእናቱ በፊት አወቁ።

ከእናቱ መደበቅ የመረጠው እሱ ነው። ወይዘሮ ሂሩት ለልጃቸው የሚመኙት የሐኪም ልጅ፣ የዲያቆን እህት፣ ቢያንስ ቢያንስ የቤታቸውን ደጅ የምታውቅ ልጅ ነው። የራሳቸውን ሠራተኛ አይደለም። «ቀስ ብዬ እነግራታለሁ» ይላል በሪሁን። ኢብሲቱ ታገሠች። ፍቅር የያዘው ሰው ቀስ ማለትን አስተዋይነት አድርጎ ያየዋል።

ከዚያ ከቢሮው ቀን በኋላ ስልኩን አላነሳችለትም። ዓርብ ጠዋት ሲዋርድ በሚባለው ሰፈር፣ ከወንድሟ ከለሜሳ ጋር በምትኖርበት ሕንፃ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናውን አቁሞ ጠበቃት። ለሜሳ ከባድ መኪና ነጂ ነው፤ ቺካጎ ሄዷል። ዝናብ ስለነበር መኪናው ውስጥ ገባች።

«ስደውልልሽ ነበር።»

«አይቼዋለሁ።»

«ኢብስዬ፣ ለእማዬ ባትነግሪያት ለእኔ ንገሪኝ።»

«ምኑን?»

«ጨርቁን። ዲቦራ ሰኞ ለፖሊስ ሪፖርት አደርጋለሁ ብላለች። አንዴ ስምሽ እዚያ ከገባ ቀጣሪ ሁሉ የሚያየው ባክግራውንድ ቼክ አያሳልፍሽም። የምትመኚው ነርሲንግ ስኩልም ቀረ ማለት ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለእኔ ከሰጠሽኝ ሳሎናቸው ካውች ሥር አገኘሁት ብዬ እመልሰዋለሁ። ማንም አያውቅም። እማዬም አታውቅም።»

መጀመሪያ አልገባትም። «አንተስ?» አለችው።

«እኔ ምን?»

«አንተ ምን ብለህ ታውቃለህ?»

እጇን ያዘ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። «እኔ ምንም ብታደርጊ እወድሻለሁ። ሰው ነን፣ ሰው ይሳሳታል። ብታነሺውም እወድሻለሁ።»

ይህን ያለው ከልቡ ነው። ሲያወጣ ሲያወርድ ሰንብቶ ያገኘው ትልቁ ስጦታ ይህ ነበር። ኢብሲቱ ደሟ ፈላ።

«እጄን ልቀቅ።»

ለቀቀ።

«ሌባም ብትሆኚ እወድሻለሁ ነው ያልከኝ? ምርቃት መሰለህ? ተመስገን ብዬ ልስምህ ነው? ሌባ የሚወድ ልብ ካለህ ሌባ ፈልግለት፣ በሪሁን። እኔ የቸገረኝ ልብ አይደለም። ሌባ አይደለችም የሚል አፍ ነው የቸገረኝ። እናትህ ቢሮ ውስጥ አንድ ቃል ጠበቅሁህ። በእስክሪብቶ ትጫወታለህ።»

«ታዲያ የት እንዳለ ስትጠየቂ ለምን ዝም አልሽ? እኔ ምን ልበል?»

«የማልናገረው ነገር አለኝ።»

«ለእኔም?»

ነገሩ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። «ካፖርታቸውን እዩት» ብትል ሁሉም ያበቃል፤ ስሟ ይመለሳል፣ ትምህርቷ ይተርፋል፣ ይህ ሰውም ያፍራል። እንዲያፍር ደግሞ እንዴት አድርጋ እንደ ፈለገች። ክሩ ያልገባላቸው የሚስ ጊታ ጣቶች ዓይኗ ላይ ድቅን አሉ። ዋጠችው።

«ለአንተም» አለች። «ዛሬ የሰው ሚስጥር ለአንተ የዘረገፈች ሴት፣ ነገ ያንተን ለሌላ ትዘረግፋለች። እንዲህ ያለችውን አግባ ብልህ እሺ ትላለህ?»

በሩን ከፍታ ወረደች። በዝናቡ ሮጣ ገብታ የፎቁ ደረጃ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። በእንባዋም ተናደደች፤ የሚያይ ሰው የጸጸት ይለዋል ብላ። ንዴት ብቻ ነበር።

*

ወይዘሮ ሂሩት ደግሞ ነገሩ በአገር ወግ ይለቅ ብለው አሰቡ። ልጅቷን ይዘው ይሄዳሉ። ዝቅ ብላ ይቅርታ ትጠይቃለች። ዲቦራም እናት ናት፣ ልቧ ይራራል፣ ፖሊስ የሚባለው ይቀራል። በሪሁን «እማዬ፣ እዚህ አገር ይቅርታ ማለት አዎ ሰርቄያለሁ ማለት ነው» ቢላቸው «ይቅርታ የማይገባው አገር የለም» አሉና የጋገሩትን ድፎ ዳቦ በፎጣ ጠቀለሉ። በባዶ እጅ ለእርቅ አይኬድም።

ኢብሲቱ እሺ ያለችው ለይቅርታ አይደለም። ሚስ ጊታን ልታያቸው ነው። ከቀረች ወዲህ ማን እንደሚያለብሳቸው፣ ማን እንደሚያጥባቸው፣ ካፖርቱ ምን እንደሆነ፣ በሐሳብ ስትብሰለሰል ነበር የከረመችው። ያን ዕለት ዓርብ ከሰዓት በኋላ በሪሁን መኪናውን ነዳ።

ቤቱ በካርቶን ተሞልቷል። ዲቦራ በር ከፈተችላቸው። ሚስ ጊታ ሂተር ባጋለው ሳሎን ውስጥ ሰማያዊ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ተቀምጠዋል። «አላወልቅም ካለች ሰነበተች» አለች ዲቦራ ተስፋ በቆረጠ ድምፅ። «ተኝታም አታወልቀው። አዲሷ ሠራተኛ ልታወልቅላት ስትል እጇን መታቻት።» ኢብሲቱ ወደ መሬት አየች። ሚስ ጊታ እሷን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

ወይዘሮ ሂሩት ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጀመሩ። «ይህቺ እንደ ልጄ ናት» አሉ በእንግሊዝኛቸው። «ልጅ ያጠፋል፣ እናት ይቅር ትላለች። አጥፍታለች፣ ይቅር በሏት።» ዞረው በአማርኛ «በይ ልጄ፣ ጠጋ በይ» አሏት።

«አልጠጋም፣ እትዬ ሂሩት» አለች ኢብሲቱ። «እርስዎን አከብራለሁ። ባላጠፋሁት ግን ጉልበቴ አይታጠፍም።» ከዚያ በእንግሊዝኛ ለዲቦራ ደገመችው። «ምንም አልወሰድኩም። ይቅርታ ልጠይቅም አልመጣሁም።»

«ታዲያ ጨርቁ የት ነው?» አለች ዲቦራ።

ኢብሲቱ ወደ ካፖርቱ እንዳታይ ዓይኗን ካርቶኖቹ ላይ ተከለች።

«በቃ ንገሪያቸው፣ በእናትሽ» አለ በሪሁን በሹክሹክታ።

«ማነው የጠፋበት?» የሚል ድምፅ መጣ። ሚስ ጊታ ናቸው። «ይህቺ ልጅ ታማ ነው የቀረችው ብለሽኝ አልነበር፣ ዲቦራ?»

«ምንም አይደለም ማም። ተዪው።»

ሚስ ጊታ ከአንዱ ወደ አንዱ አዩ። የመለሰላቸው በሪሁን ነው፤ ለምን ያን ጊዜ አፉ እንደ ተከፈተ እሱም አያውቅም። «ታማ አይደለም፣ ሚስ ጊታ። የዳቦውን ጨርቅ ሰርቃለች ተብላ ነው።»

አሮጊቷ ኢብሲቱን ብቻ አዩ፤ ሌላው ሰው ከቤቱ የወጣ ያህል።

«ጠየቁሽ?»

«ጠየቁኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ምንም።»

«ሥራሽን ቢወስዱብሽም?»

«ወስደውታል።»

ሚስ ጊታ የወንበሩን ክንድ ይዘው ተነሱ። ሊደግፏቸው የዘረጉትን እጆች ሁሉ ገፉ። ቁልፎቹን ራሳቸው ፈቱ፤ ጊዜ ፈጀባቸው፣ ግን ማንም ሊያግዝ አልደፈረም። ካፖርቱን ሲያወልቁ ከሥሩ የለበሱት የሌሊት ልብስ በላብ ርሶ ነበር። «መቀስ» አሉ። ዲቦራ ከካርቶኖቹ መሐል ፈልጋ አመጣች። ሚስ ጊታ መቀሱን ለኢብሲቱ ሰጡ። «አንቺ ነሽ የሰፋሽው። አንቺ ፍቺው።»

ኢብሲቱ ገበሩን ተረተረችው። ጨርቁ ወጣ። ነጩ ወደ ቢጫ ሄዷል፤ ሐረጉ ግን አሁንም ሰማያዊ ነው። ዳርና ዳሩ ላይ የድሮ መርፌ ቀዳዳዎች አሉበት። አንዱ ጥግ ላይ ያልተነቀለ ቡናማ የጆንያ ክር ቀርቷል።

«ይኼ የማርታ ክር ነው» አሉ ሚስ ጊታ። «ማርታን የጠየቋት ሰዎች ጠመንጃ ይዘው ነበር። እናንተ ይህቺን የጠየቃችኋት ፈገግ እያላችሁ፣ ወንበር ስባችሁላት ነው። እሷም አልተናገረችም።» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የማርታ ዓይነት ሰው ሁለተኛ አላይም ብዬ ነበር። ቤቴ ስትገባ ሌባ አላችኋት።»

ዲቦራ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩሽ። አልሰጥም አልኩሽ። እሺ አልሽኝ።»

ዲቦራ አለቀሰች። ብል እንዳይበላው፣ እሳቸው ሲያልፉ ሰው እንዳይጥለው ፈርታ እንደነበረ ተናገረች፤ እውነቷን ነው። ከዚያ ወደ ኢብሲቱ ዞራ «አይ አም ሶሪ» አለች። «ምንም አይደለም» የሚለው ቃል ኢብሲቱ ምላሷ ላይ መጣባት፤ ስታድግ የተማረችው እንዲህ ማለት ነው። መልሳ ዋጠችው። ምንም አይደለም ማለት ውሸት ይሆን ነበራ።

«ይቅርታሽን ሰምቻለሁ» አለቻት። ከዚያ በላይ አልጨመረችላት።

ወይዘሮ ሂሩት በአማርኛ ብቻቸውን ያወሩ ነበር። «አፈር ልብላ። እኔ አፈር ልብላ። አደራ ይዛ ነው ዝም ያለችው፤ እኔ የአገሬን ሰው እንዴት ሳላውቀው ቀረሁ?» መጥተው ጉልበቷን ሊይዙ ሲሉ ኢብሲቱ ደንግጣ አነሳቻቸው። ሚስ ጊታ ደግሞ ማንንም ሳይጠይቁ ጨርቁን አራግፈው ድፎው ላይ አለበሱት። ዳቦው ትልቅ ስለሆነ ዙሪያውን አልሸፈነውም። «ይኼ የተሠራው ለዳቦ ነው» አሉ ለልጃቸው። «እኔ እስካለሁ መስታወት ውስጥ አይገባም። ስሞት ደግሞ ለማን እንደምሰጠው ጠይቂኝ። ጠይቂኝ ግን።»

ዲቦራ እንባዋን በእጇ ጠርጋ «ለማን?» ብላ ጠየቀች። ሚስ ጊታ «አስቤ እነግርሻለሁ» አሉ። ያን ለማለት መብት እንዳላቸው የታወቀላቸው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ።

*

ኢብሲቱ ሚስ ጊታን አጥባ፣ ደረቅ ልብስ አልብሳ ስትወጣ ዝናቡ አባርቷል። በሪሁን መኪናው አጠገብ ቆሟል። እናቱ አሁንም ከውስጥ ናቸው።

«ለእማዬ ነገርኳት» አላት። ፊቱ በራ። «ማድቤት ውስጥ፣ ሁሉንም። እንዲህ ያለችውን ልጅ ለማን ልትሰጥ ነበር አለችኝ፣ ታምኛለሽ? ሽማግሌዎቹን ራሷ ልትመርጥ ነው። እሑድ ለሜሳ ጋ ይሄዳሉ።»

ይህን ቃል ከክረምት ጀምራ ስትጠብቀው ነበር። በምኞቷ ሁልጊዜ እየሳቀች ነበር የምትሰማው።

«ዛሬ ነው የነገርካት?»

«አሁን። አሁን።»

«ከተገኘ በኋላ።»

የመኪናውን ቁልፍ በእጁ አገላበጠ።

«ባይገኝ ኖሮስ በሪሁን? ሚስ ጊታ አንድ ነገር ሆነው ሚስጥሩ አብሯቸው ቢቀበር? እኔ ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ ብቀርብ?»

አንድ ነገር ይመሰገናል፤ አልዋሸም። ጫማውን አየና «አልነግራትም ነበር» አለ። «እጠብቅ ነበር። እንዳዘንኩልሽ እጠብቅ ነበር።» ጉንጩ ረጥቧል። «ፈሪ ነኝ፣ ኢብስዬ። ዛሬ ነው ያወቅሁት። በምን ልካስሽ?»

ልቧ ወደ እሱ ሄደ። እጇ ሊሄድ ሲል ያዘችው።

«ሽማግሌ እንዳትልክ» አለችው። «ሽማግሌ የሚናገረው ስለ አንተ ነው። ጨዋ ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ የሰው ልጅ ነው ይላል፤ እኔ ያን አጥቼው አይደለም። ሰው ሁሉ ሌባ ናት ሲለኝ፣ ምንም ማስረጃ በሌለበት፣ አይደለችም የሚለኝ ሰው ነው ያጣሁት። ዛሬማ ዲቦራም ምስክሬ ናት። ዛሬ ያንተ ምስክርነት ምን ይሠራልኛል?»

«ሌላ ቀን ይመጣል። ያኔ ታዪኛለሽ።»

«እኔ ላይ ሌላ እንዲህ ያለ ቀን እንዲመጣ ትመኛለህ?»

የመኪናውን በር ከፈተላት። አልገባችም። ወደ አውቶቡሱ ፌርማታ መሄድ ጀመረች፤ እርጥብ ቅጠል ጫማዋ ላይ እየተለጠፈ።

አልተከተላትም። ቢከተላት ትቆጣው ነበር፤ ስላልተከተላት ደግሞ ይበልጥ ተቆጣች። ስሟን በራሷ ዝምታ አስመልሳለች። አደራዋን አልበላችም። ያን ቀን ሴንት ፖል ውስጥ ከእሷ በላይ ቀና ብላ የምትሄድ ሴት አልነበረችም። ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ፣ ያ ዝም ያላት ሰው ብርድ ላይ ቆሞ ይሆን፣ ጃኬት ለብሶ ይሆን እያለች ታስብ ነበር። ከሁሉ በላይ አንጀቷን ያሳረረው ይህ ነው፤ አሁንም ትወደዋለች።